በቤት ጣሪያ ውስጥ የሰፈረን ንብ ሳይገድሉ ስለ ማንሣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር ንብ ጣሪያቸው ውስጥ የገባባቸው ሰዎች፣ ንብ ለማንሣት ስጠራ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄዎች እነሆ።

ጣሪያዬ ውስጥ የገባው ንብ ይሁን ተርብ በምን አውቃለሁ?

በክፈፉ ሥር ወይም በቆርቆሮው ጫፍ ያለችውን መግቢያ አምስትና ስድስት ሜትር ያህል ርቀው ቆመው ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱ። ንብ ከሆነ በአንዲት ቀዳዳ ያለማቋረጥ ሲገባና ሲወጣ ያያሉ፤ ከሚገቡትም አንዳንዶቹ በኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የአበባ ብናኝ ተሸክመዋል። ተርብ ብናኝ በእግሩ አይሸከምም፤ ወገቡ ቀጭን፣ ገላውም ጠጉር የሌለው ነው፤ ጎጆውም ብዙውን ጊዜ ከክፈፍ ሥር የተንጠለጠለና ወረቀት የሚመስል ነው።

ብናኝ ማስገባቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ብናኝ የእጭ ምግብ ስለሆነ፣ ብናኝ የሚያስገባ ንብ እንጀራ (ማርና እጭ የሚይዝበትን ባለ ብዙ ክፍል ሰም) ሠርቶ ልጅ ማሳደግ የጀመረ፣ ማለትም ቤቱን ቤቴ ብሎ የተቀመጠ ነው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮን ወደ ኮርኒሱ ቢያስጠጉ የሚሰማው ወጥ የሆነ እምምታ ደግሞ መንጋው በየትኛው ወራጅ መካከል እንዳለ ያመለክታል።

ከሌላው ቤት ሁሉ የእኔን ለምን መረጠ?

አንድ ሕብረ ንብ፣ ማለትም አብሮ የሚኖር የንብ ቤተሰብ፣ ሲበዛና ቀፎው ሲጠብበው አሮጊቷ አውራ (እንቁላል የምትጥለው እናት ንብ) ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ይዛ ትወጣለች፤ ቃኚ ንቦችም ደረቅ፣ ጨለማ፣ ከነፋስ የተከለለና መግቢያው ጠባብ የሆነ ቦታ ይፈልጋሉ። በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ያለው ክፍተት እነዚህን ሁሉ ያሟላል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ገላጣ ደጋ ቦርቧራ ያለው ያረጀ ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሰው ቤት ጣሪያ፣ በመንዝም የድንጋይ ቤት ግድግዳ፣ የዛፉን ቦታ ተክቶ ያገለግላል። ከዚህ ቀደም ንብ ኖሮበት የነበረ ጣሪያ ከሆነ ደግሞ የአሮጌው ሰም ሽታ ራሱ ይጠራቸዋል።

ትናንት ነው የመጣው፤ በራሱ ተነሥቶ ይሄድ ይሆን?

በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በአጥር ወይም በክፈፉ ጫፍ ላይ ተያይዞ ተንጠልጥሎ ከታየ ገና ማረፊያ እየፈለገ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ሲወጣ ሆዱን በማር ሞልቶ ስለሆነ፣ የሚጠብቀውም እጭና ማር ስለሌለው፣ ንብ በሕይወቱ ከዚህ ጊዜ የበለጠ ገራም አይሆንም። ለንብ አናቢ ይህን መንጋ ወደ ቀፎ ማስገባት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ወደ ውስጥ ከገባ ግን ይሄዳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወዲያውኑ እንጀራ መጋገር ይጀምራል፤ አውራዋም ክፍሎቹ ገና ሳያልቁ እንቁላል ትጥልባቸዋለች፤ በሦስት ሳምንት ገደማ የመጀመሪያዎቹ አዳዲስ ሠራተኞች ይወጣሉ። ስለዚህ ጥሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደረግ ለንቡም፣ ለኮርኒሱም፣ ለባለቤቱም ይቀላል። ሰዎች የሚደውሉልኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሩ ኮርኒሱን ሲያወይበው ነው።

ቤት የገባ ንብ በረከት ነው ይባላል፤ ቢቀመጥስ ምን ይጎዳል?

አባቶችና እናቶች እንዲህ ሲሉ ያደግን ሰዎች ንብ ቤት ሲገባ ደስ ይለናል፤ ይህ እምነት ስንቱን ሕብረ ንብ ከእሳት እንዳዳነም አይቻለሁ። ጣሪያ ውስጥ ያለ ንብ ሁሉ የግድ መነሣት አለበት ብዬ አላምንም። መግቢያው ከፍ ብሎ ከሰው መተላለፊያ ፊቱን ያዞረ ከሆነ፣ ቤቱም መኖሪያ ሳይሆን እንደ ጎተራ ወይም ሰው እንደማያድርበት ክፍል ከሆነ፣ መተው ራሱ ተገቢ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

መግቢያው ከበሩ በላይ ወይም ከብት ከሚታሰርበት አጠገብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የታሰረ በቅሎ ወይም ፈረስ ንብ ሲነሣበት መሸሽ አይችልም፤ ላብ የሸተተውን እንስሳ ደግሞ ንብ አጥብቆ ያጠቃል። ቤት ውስጥ ለንብ ንድፊያ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው ካለም በረከቱን ከጓሮ ቀፎ ማግኘት ይሻላል።

ፍሊት ብነፋበት ወይም በላምባ ባጨሰው ምን ችግር አለው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው ተቆጥቼው አላውቅም፤ ልጆቹ የተነደፉበት አባት ችግሩ ዛሬውኑ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ንቡን ይገድላል እንጂ ችግሩን አይጨርስም። በሕይወት ያለ ንብ በክንፉ እያራገበ እጭ ያለበትን እንጀራ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያቆየዋል፤ ማሩንም ከጉንዳንና ከብል ይጠብቀዋል። ንቡ ሲሞት ጠባቂው ጠፋ ማለት ነው፤ በቆርቆሮ ሥር በሚፈጠረው ሙቀት ሰሙ ይለሰልሳል፣ ማሩ ይንጠባጠባል፣ እጩ ይሸታል። በአንድ ወቅት ንቡ በፍሊት ከተገደለ ሁለት ሳምንት በኋላ ተጠርቼ የሄድኩበት ቤት ማሩ በአቡጀዲው ኮርኒስ አልፎ አልጋው ላይ እየተንጠባጠበ ነበር፤ ኮርኒሱን ስቀድደው አንድ ቁና የሚሞላ የሞተ ንብ ከተጣበቀ ሰምና ከአይጥ ኩስ ጋር ወረደ። ያ ቤት ንቡ በሕይወት ሳለ ቢነሣ ኖሮ በግማሽ ቀን ይጸዳ ነበር።

ጉዳቱ በግቢው አጥር ውስጥም አይወሰንም። የተመረዘ ማር ክፍት ሆኖ ሲቀር የጎረቤት ንቦች መጥተው ይዘርፉታል፤ ወደ ቀፏቸውም ይወስዱታል። ከሁለትና ሦስት ቀፎ በሚገኝ ማር ልጆቹን የሚያስተምር ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። የእሳትና የላምባ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ ሰም ይቀጣጠላል፣ ወራጁና ማገሩ ዓመታት የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፣ የሣር ክዳን ከሆነማ መናገርም አያስፈልግም። አገራችን የንብ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 660/2002 ያወጣችውም ይህ ሀብት ጥበቃ የሚሻ ስለሆነ ነው።

ማንን ልጥራ? በራሴስ ማንሣት እችላለሁ?

በቅድሚያ የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በአካባቢው ዘመናዊ ቀፎ ይዘው የሚሠሩ ንብ አናቢዎችን ያውቋቸዋል። ለሚመጣው ሰው ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ እንጀራውን ሁሉ ያወጣዋል ወይስ ንቡን ብቻ ይወስዳል? ንቡን የት ያደርሰዋል? ክፍተቱንስ ማን ይደፍነዋል? ማር ብቻ ቆርጦ የሚሄድ ሰው ንብ አነሣ አይባልም።

ንብ አንብተው የማያውቁ ከሆነ መሰላል ላይ ሆነው ሊጀምሩት አይገባም። ሰው የሚጎዳው በንድፊያው ብቻ ሳይሆን ሲነደፍ ደንግጦ በመውደቁም ነው። አናቢ ከሆኑም እንኳ ብቻዎን አይሥሩ፤ ልብስዎም ነጣ ያለና ልሙጥ ይሁን። ጥቁርና ጠጉራም ነገር ንብን ያስቆጣል፤ የመንዝ በርኖስ ለብርድ ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ንቡ ቢነሣና ሰው ቢነድፍ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ከቦታው መራቅ፣ ፊትን መሸፈንና ወደተዘጋ ቤት መግባት ነው። እጅን ማወናጨፍ ያብሳል። የቀረው እሾህ መርዙን መርጨቱን ስለሚቀጥልና ሽታውም ሌሎች ንቦችን ስለሚጠራ በጥፍርም በቢላዋ ጀርባም ቢሆን በፍጥነት ይነቀል፤ በፍጥነት መነቀሉ ከአነቃቀሉ ስልት ይበልጣል። የተነደፈ ሰው መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ራሱን ካዞረው ወይም ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ ካለበት፣ አንድ ንድፊያም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ብዙ ቦታ የተነደፈ ልጅ ምልክት ባይታይበትም ሐኪም ይየው።

በየትኛው ወርና በስንት ሰዓት ማንሣት ይሻላል?

ሰሜን ሸዋ አንድ የአየር ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ አንድ መልስም የለም። በደጋው ክረምቱ ሲወጣ አደይ፣ መጭና ማገጥ ስለሚያብቡ መስከረምና ጥቅምት ንብ የሚበዛበትና የሚወጣበት ጊዜ ነው። ከተቻለ አዲስ የገባን መንጋ በዚሁ ወራት ማንሣት ይመረጣል፤ የተነሣው ንብ አዲሱን እንጀራ የሚሠራበት አበባ ያገኛልና። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የተነሣ ንብ ግን የሚቀስመው የለውም፤ ካልመገቡት ይራባል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ ጠዋት ውርጭ ስለሚሆን ፀሐይ ሞቅ ካደረገች ከአራት ሰዓት በኋላ ይጀመር፤ እጭ ያለበት እንጀራ ቀዝቃዛ አየር ላይ ከቆየ እጩ ይሞታል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮ ሥር ያለ እንጀራ ሲነካ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ማለዳ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ መሥራት ይገባል። በጨለማ መሥራት አልመክርም፤ ንብ ማታ አይበርም ነገር ግን በልብስ ሥር ይሄዳል።

ሥራው ራሱ እንዴት ይከናወናል?

ከሥራው በፊት ልጆች፣ ከብትና ዶሮ ከግቢው ይርቃሉ፤ ጎረቤትም እንዲያውቅ ይደረጋል። ማጨሻው በደረቅ ኩበት ይሞላል፤ ኩበት ጭሱ ቀዝቃዛ፣ አነዳደዱም ዝግ ያለ ስለሆነ ለንብ ይስማማል። በመግቢያው በኩል ጥቂት ጭስ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ጭሱ ንቦቹ አደጋ ሲሰማቸው የሚለቁትን ሽታ ይሸፍናል፣ እነርሱም ማር ለመጠጣት ወደ እንጀራው ያዘነብላሉ። ከዚያ ኮርኒሱ ወይም የቆርቆሮው አንድ ቅጠል በቀስታ ይከፈታል። ሲከፈት የሚታየው ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ክንድ የሚያህሉ እንጀራዎች ከወራጁ ጎን ለጎን ተንጠልጥለው፣ በመካከላቸው ጣት የማያስገባ መተላለፊያ ብቻ ትተው፣ አሮጌው ጠቁሮ አዲሱ ነጥቶ፣ በላያቸውም ንቡ እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ይገኛል።

እንጀራዎቹ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ከሥራቸው ይቆረጣሉ። ማር ያለበት ወደ ባልዲ ገብቶ ወዲያውኑ ይከደናል፤ ክፍት ከሆነ የሰፈሩን ንብ ሁሉ ይጠራል። እጭና ሙሽሬ (በክፍሉ ታሽጎ ወደ ንብነት የሚለወጥ እጭ) ያለበት እንጀራ ግን በፍሬም፣ ማለትም በዘመናዊ ቀፎ የእንጨት ማዕቀፍ፣ ልክ ተስተካክሎ በቃጫ ወይም በጥጥ ክር ይታሰርና ወደ ቀፎው ይገባል። ማስተዋል የሚገባው ነገር፣ የላይኛው ወደ ላይ እንደሆነ መታሰር እንዳለበት ነው፤ የእንጀራው ክፍሎች ጥቂት ወደ ላይ ያዘነበሉ ስለሆነ ተገልብጦ የታሰረ እንጀራ አይሆንም። ክሩን ንቦቹ እንጀራውን ከፍሬሙ ጋር ካያያዙት በኋላ ራሳቸው እየነከሱ ያወጡታል።

ንቦቹን ወደ ቀፎው ለማስገባት ለስላሳ የሣር መጥረጊያ ወይም የዶሮ ላባ ይበቃል። አውራዋ ከገባች ሠራተኞቹ በቀፎው አፍ ላይ ቆመው፣ ኋላቸውን ከፍ አድርገው ክንፋቸውን ሲያራግቡ ይታያሉ፤ ይህ «እዚህ ነን» የሚል ጥሪ ነው፤ የቀሩትም እየተሰለፉ ይገባሉ። ቀፎው እስኪመሽ በዚያው በአሮጌው መግቢያ አጠገብ ይቆያል፤ መስክ የዋሉት ሁሉ ሲገቡ አፉ በወንፊት ሽቦ ተዘግቶ በዚያው ሌሊት ይጓጓዛል። የሚቸኩል ሰው በቀን ይዞት ከሄደ ግማሹን ንብ ባዶ ጣሪያ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

አውራዋ ካልተገኘችስ?

አውራ የምንላት ንብ ሴት ናት፤ ከሌሎቹ ይልቅ ሆዷ ረዘም፣ ክንፎቿ ከሆዷ አጠር ያሉ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከብርሃን ሸሽታ ወደ ጥግ ስለምትገባ ንቦቹ ቀፎውን ትተው አንድ ወራጅ ሥር ቢከማቹ በዚያ ትፈለግ። ስትገኝ ከሸንበቆ በተሠራች ትንሽ መያዣ አስገብቶ ቀፎው ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ቀን ማቆየት ንቡ እንዳይኮበልል ይረዳል።

ፈጽማ ካልተገኘች ወይም በሥራው መካከል ከሞተች፣ በተወሰደው እንጀራ ላይ እንቁላልና ከወጣ ሦስት ቀን ያልሞላው እጭ ካለ ሠራተኞቹ ከእርሱ አዲስ አውራ ያሳድጋሉ። ስለዚህ እጭ ያለበትን እንጀራ መጣል የሕብረ ንቡን የመጨረሻ ተስፋ መጣል ነው።

ግድግዳዬ የድንጋይ ነው፤ ሳላፈርስ ማስወጣት ይቻላል?

የሚቻልበት መንገድ አለ፤ እኔ ግን አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ ይደፈናሉ፤ በዋናው መግቢያ ላይ ከወንፊት ሽቦ የተሠራ፣ ጫፉ አንድ ንብ ብቻ የሚያሳልፍ ረጅም ቀንድ ይገጠማል። ንቡ በጫፉ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን መግቢያውን ያጣዋል፤ በአጠገቡ ወደተሰቀለው፣ ከሌላ ቀፎ የመጣ እጭ ያለበት እንጀራ ወደገባበት ቀፎ ይገባል። ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል።

ችግሩ አውራዋ ብዙውን ጊዜ አለመውጣቷ ነው፤ እርሷና በውስጥ የቀረው እጭ ቀስ በቀስ ያልቃሉ፤ ማሩም ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ይህን ለባለቤቱ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ሠራተኞቹ ይድናሉ፣ ሕብረ ንቡ በሙሉ ግን አይድንም። ጥቂት ድንጋይ አውጥቶ መልሶ መካብ የሚቻል ከሆነ እርሱ ይሻላል።

የተነሣውን ንብ በዚያው ግቢ ማስቀመጥ እችላለሁ?

ወዲያውኑ አይሆንም። መስክ የሚወጣ ንብ ቤቱን የሚያውቀው በቦታው ስለሆነ በዚያው ግቢ ወይም በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ቢያስቀምጡት ወደ ጣሪያው ይመለሳል። ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ ጣሪያው ተደፍኖ ከሆነ፣ ወደ ጓሮዎ ሊመለስ ይችላል። ከደጋ ወደ ቆላ መውሰድ ግን አይመከርም፤ የደጋው ንብ ጠቆርና ተለቅ ያለ፣ የቆላው አነስና ቢጫ ያለ፣ እያንዳንዱም ለአገሩ የተስማማ ነው።

ባለፈው ዓመት አስነሥተን ቀፎ ውስጥ ያስገባነው ንብ በሳምንቱ ጥሎን ሄደ፤ ለምን?

የእኛ አገር ንብ ሲከፋው መኮብለል ይቀናዋል። ረኀብ፣ ጉንዳን፣ ተደጋጋሚ መነካካትና የቀፎው ሽታ ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። ቀፎውን አስቀድሞ በወይራና በጠጅ ሣር ማጠን፣ ውስጡን በሰም መቀባት፣ በእግሮቹ ዙሪያ አመድ መነስነስ ይረዳል። ከተነሣ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል አይከፈት። ምግቡም አይረሳ፤ እኩል በእኩል በውኃ የተበጠበጠ ስኳር፣ አበባ በማይገኝበት ወቅትም ጥቂት በሶ ወይም ሽሮ ማታ ማታ ቢሰጠው ጉልበት ያገኛል። ከሁሉ በላይ የሚያስቀረው ግን ያ በክር የታሰረው እጭ ነው፤ ንብ የሚያሳድገው ልጅ እያለው በቀላሉ አይለቅም።

ንቡ ከሄደ በኋላ ሌላ እንዳይገባ ምን ላድርግ?

የእንጀራው ስብርባሪ ሁሉ ይውጣ፤ ወራጁ ላይ የተጣበቀው ሰምና ሙጫ በቢላዋ ይፋቅ፤ ቦታው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ ክፍተቱ በዚያው ሳምንት ይደፈን። በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ሲሚንቶ ወይም ወንፊት ሽቦ እንደ ቤቱ ሁኔታ ይሠራል፤ ጋዜጣና ጨርቅ ግን አይሠራም። እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ንብም ታስገባለች። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድፈኑን ለባለቤቶቹ ትቼ እሄድ ነበር፤ በዓመቱ ወደዚያው ቤት የተመለስኩባቸው ጊዜያት ጥቂት ስላልነበሩ አሁን ደፍኜ ካልሆነ ከመሰላሉ አልወርድም።

ማሩ ይበላል? የማንስ ነው?

መድኃኒት ያልነካው፣ ንቡ በሰም ያሸገው ማር ይበላል። ከዚህ ቀደም ፍሊት የተነፋበት ጣሪያ ከሆነ ግን ማሩም ሰሙም ይቀበር። ንጹሑ ሰም ቀልጦ ለጧፍ ይሆናል። ክፍፍሉን በተመለከተ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በግልጽ መነጋገር ነው፤ በእኔ ልማድ ማሩ ለቤቱ ባለቤት፣ ንቡ ለአናቢው ይሆናል፤ ከማሩ ጥቂቱ ግን ለንቡ ስንቅ ይቀራል።

ጎረቤቴ «ከእኔ ቀፎ የወጣ ንብ ነው» ቢለኝስ?

ንብ ምልክት ስለሌለው ይህ በማየት ብቻ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ጎረቤትዎ መንጋው ሲወጣ ዓይኑን ሳይነቅል ተከትሎ ጣሪያዎ ላይ ሲያርፍ ካየው ቃሉ ክብደት አለው፤ በዚያው ቀን መጥቶ ቢያነሣውም ለእርስዎ ወጪ የሌለው መልካም መፍትሔ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ግን በሁለት ሽማግሌ ፊት ቢያልቅ ይሻላል። እስከዚያው ንቡን አይንኩት፤ ጎረቤትዎም ሌሊት መጥቶ በራሱ እንዳይከፍተው አስቀድመው ይስማሙ። ብዙ ጊዜ ስምምነቱ የሚያልቀው ጎረቤት ንቡን፣ ባለቤቱ ማሩን ወስዶ፣ ኮርኒሱን ሁለቱም አብረው በመጠገን ነው።